ሥራችሁ ያለበትን ክፍል ጠይቁት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ቲቸር፣ ወሩ ሳይጋመስ የኮድስፔስ ሰዓቴ አለቀ።» «ቲቸር፣ ዘግቼው ነው የወጣሁት፣ ለምን ይቆጥርብኛል?» «ቲቸር፣ ባለፈው ወር የጀመርኩት ፕሮጀክት ዝርዝሩ ውስጥ የለም፣ ማን አጠፋው?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቀው። ድሮ ኮድ የምንጽፈው እጃችን ላይ ባለው ኮምፒውተር ነበር። አሁን ኮምፒውተሩን ሩቅ አገር ካለ ሰርቨር ላይ መከራየት ይቻላል። እናንተ ጋ የሚያስፈልገው ብሮውዘርና ኔትወርክ ብቻ ነው። ኮዱ፣ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ ዳታቤዙ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ጊትሀብ ኮድስፔስስ የሚባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2020 አስተዋወቀ፣ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለማንኛውም ግለሰብ ተጠቃሚ በየወሩ ነፃ ሰዓት ይሰጣል። እኔ በክፍል ውስጥ ሳስተምር «ክፍል» እያልኩ ነበር የምጠራው፣ ምክንያቱም እውነትም የኪራይ ክፍል ነው። እዚህም እንደዚያው ልበለው።

ለእኛ አገር ተማሪ ይህ ክፍል ትንሽ ነገር አይደለም። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ፣ ኤዲተሩንና ብሮውዘሩን አንድ ላይ ሲከፍት ማሽኑ የሚደነዝዝበት ልጅ ስንት አለ? ጭራሽ የራሱ ኮምፒውተር የሌለው፣ የካምፓስ ላብ እስኪከፈት በር ላይ የሚጠብቅስ? ትንሹ የኮድስፔስ ማሽን 2 ኮር፣ 8 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ዲስክ አለው። ከብዙዎቻችሁ ላፕቶፕ ይሻላል። ላብ ውስጥ የጀመራችሁትን ማታ ጓደኛችሁ ቤት፣ ሲቸግርም ስልካችሁ ላይ ትቀጥሉታላችሁ።

ግን ኪራይ ኪራይ ነው። ቆጣሪ አለው። ለዚያውም ሦስት።

የመጀመሪያው ማሽኑ የሚሠራበት ሰዓት ነው። ነፃው ድርሻ ይህን በምጽፍበት ጊዜ በወር 120 ኮር-ሰዓት ነው። ብዙ ሰው 120ን ሲያይ 120 ሰዓት ይመስለዋል። አይደለም። 2 ኮር ያለው ማሽን አንድ ሰዓት ሲሠራ 2 ኮር-ሰዓት ይበላል፣ ስለዚህ 60 ሰዓት ነው ያላችሁ። «ፈጣኑ ይሻለኛል» ብላችሁ 4 ኮር ከመረጣችሁ 30 ሰዓት ብቻ። «ሰዓቴ ወሩ ሳይጋመስ አለቀ» ላላችሁኝ፣ መጀመሪያ ይቺን አካፍሉ።

ሁለተኛው ዲስኩ ነው። ማሽኑ ቢጠፋም ፋይላችሁ እዚያው ተቀምጧል፣ ማስቀመጫውም ይቆጠራል። ቤቱን ቆልፎ ክፍለ ሀገር የሄደ ተከራይ ኪራዩ ይቆምለታል እንዴ? እንደዚያው ነው።

ሦስተኛውን ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። የዘጋችሁት ክፍል ሳትነኩት የሚቆየው ለተወሰነ ቀን ነው። ካልቀየራችሁት በስተቀር 30 ቀን። ልክ የእኛ አቆጣጠር አንድ ወር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ውስጡ ፑሽ ያልተደረገ ሥራ ኖረም አልኖረም ይሰረዛል። «ማን አጠፋው?» ላልከኝ ልጅ መልሱ ይኸው ነው። ማንም ሰርጎ አልገባም፣ ቀኑ ነው የሞላው።

እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ ቆጣሪዎች የት ላይ እንደደረሱ በምን እናውቃለን ነው። ገጹን ከፍቶ ማየት ይቻላል፣ ኔትወርክ ካለ። እኔ ግን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ በሁለተኛው በር እንዲገቡ ነበር የማስለምዳቸው። እሱም ኤፒአይ ነው።

ኤፒአይ ሲባል የምትፈሩ አላችሁ። የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት አስቡ። መስኮት አለ፣ ከመስኮቱ ኋላ ሁሉም ፋይል አለ። እናንተ ወደ ውስጥ አትገቡም። በተወሰነ ፎርም ትጠይቃላችሁ፣ ማንነታችሁን ታሳያላችሁ፣ በተወሰነ ፎርም መልስ ይሰጣችኋል። ለጊትሀብ «የእኔን ክፍሎች ዝርዝር ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ አንድ መስመር ነው፣ ከርል በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ከስልክም ይላካል። የአንዱን ብቻ ከፈለጋችሁ በአድራሻው መጨረሻ ላይ የክፍሉን ስም ትጨምራላችሁ። መልሱ ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ይመጣል። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፣ ጥቂት ኪሎባይት ጽሑፍ ብቻ። ለዚህ ነው ገጹ በማይከፈትበት ኔትወርክ እሱ ሾልኮ የሚገባው።

ማንነት የምታሳዩበት ወረቀት ቶክን ይባላል። ቶክንን እንደ ውክልና እዩት። ጠቅላላ ውክልና አለ፣ ልዩ ውክልናም አለ። ለማየት ብቻ ከሆነ የማየት ፈቃድ ብቻ ያለው፣ የሚያበቃበት ቀን ያለው ቶክን አውጡ። ለጓደኛ አይሰጥም፣ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍም፣ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ፑሽ አይደረግም። ውክልናውን የያዘ ሰው በስማችሁ ይፈርማል፣ አለቀ።

አሁን መልሱን እናንብብ። ከሚመጣው ብዙ መስመር ውስጥ ዓይናችሁን የሚፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው።

«ስቴት» የሚለው ክፍሉ ያለበትን ሁኔታ ይነግራችኋል። «አቬይለብል» ካለ ማሽኑ በርቷል፣ ሰዓታችሁ እየሄደ ነው። «ሻትዳውን» ካለ ጠፍቷል፣ የሚቆጥረው ዲስኩ ብቻ ነው።

«አይድል ታይምአውት ሚኒትስ» ምንም ሳትነኩት ሲቀር ማሽኑ ከስንት ደቂቃ በኋላ ራሱን እንደሚያጠፋ ነው። ካልነካችሁት 30 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ይቺ ቁጥር ከመብራታችን ጋር ግንኙነት አላት። መብራት ሲሄድ ላፕቶፓችሁ ባትሪ ሊኖረው ይችላል፣ ዋይፋዩ ግን ይጠፋል። እናንተ ሻማ ስትፈልጉ ሩቅ ያለው ማሽን መብራት መሄዱን አያውቅም። ተመልሳችሁ ትመጡ እንደሆነ 30 ደቂቃ ሙሉ በርቶ ይጠብቃል። በወር 20 ጊዜ እንዲህ ቢቋረጥባችሁ 10 ሰዓት ማለት ነው። ከ60ው ላይ 10! ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ስትወጡም እንደዚያው፣ ታቡን መዝጋት ማሽኑን ማጥፋት አይደለም። ይህን ቁጥር ከ5 ደቂቃ እስከ 240 ደቂቃ መቀየር ይቻላል። መብራት ለሚያስቸግረው ሰፈር 10 ደቂቃ ይበቃል ባይ ነኝ።

«ማሽን» በሚለው ሥር ኮሩን፣ ራሙንና ዲስኩን ታገኛላችሁ። ራሙ 8589934592 ተብሎ ሲመጣ አትደንግጡ፣ በባይት ስለተጻፈ ነው። ለ1024 ሦስት ጊዜ አካፍሉት፣ 8 ይመጣል።

«ሎኬሽን» ክፍሉ ያለበት ምድር ነው። የምታገኙት ቃል ምሥራቅ አሜሪካ፣ ምዕራብ አሜሪካ፣ ምዕራብ አውሮፓ ወይም ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚል ነው። አዲስ አበባ የሚል የለም። ፊደል ስትነኩ ዘግየት ብሎ ብቅ የሚለው አንዱ በዚህ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ምዕራብ አውሮፓ ለእኛ ይቀርባል፣ ሌላ ቦታ ሆኖ ካገኛችሁት የሚቀጥለውን ክፍል ስትከፍቱ አስተካክሉ።

«ጊት ስታተስ» በእኔ እምነት ከሁሉም ይበልጣል። ውስጡ ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ መኖሩንና ኮሚት ተደርጎ ፑሽ ያልተደረገ መኖሩን «ትሩ» ወይም «ፎልስ» እያለ ይናገራል። አንዱ እንኳ «ትሩ» ካለ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ያለ፣ ሌላ የትም ቅጂ የሌለው ሥራ አላችሁ ማለት ነው።

የመጨረሻው «ሪቴንሽን ኤክስፓየርስ አት» ነው። ክፍሉ የሚሰረዝበት ቀንና ሰዓት። ሰዓቱ መጨረሻ ላይ «ዜድ» የምትል ፊደል አለች፣ የዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው ማለቷ ነው። ወደ እኛ ለመመለስ 3 ጨምራችሁ ከዚያ በአገራችን አቆጣጠር ለመጥራት 6 መቀነስ፤ ባጭሩ 3 መቀነስ ነው። 09:00 ዜድ ካለ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው።

«ስቴት»፣ «ጊት ስታተስ»፣ የመሰረዣው ቀን። ሌላው ቢረሳችሁ እነዚህን ሦስቱን አትርሱ። ለምን እንደዚህ አጥብቄ እንደምናገር በአንድ ነገር ላሳያችሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቷ የጤና ጣቢያ መድኃኒት ክምችት የሚመዘግብ ሲስተም ነበር። የራሷ ኮምፒውተር የላትም። ሁሉንም ነገር የሠራችው በኮድስፔስ ነው፣ ግማሹን በላብ፣ ግማሹን በዶርም ጓደኛዋ ላፕቶፕ። ሥራው ሊያልቅ ሲል እናቷ ታመው ወደ ቤተሰብ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ኢንተርኔት የለም። ሳምንት ሲሞላ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። ድምፅ ይሠራል፣ ዳታ አይሠራም።

ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ገብተው ሊያዩልኝ አይችሉም? ፓስወርዴን ልንገርዎት?» እንቢ አልኳት። መዝገብ ቤቱ ለባለቤቱ ነው የሚመልሰው፣ እኔ በራሴ ቶክን የእሷን ክፍል ብጠይቅ 404 ነው የሚለኝ። በነገራችን ላይ 404 ሁልጊዜ «የለም» ማለት አይደለም። ዘበኛ የማያውቀውን ሰው «እሳቸው የሉም» ብሎ እንደሚሸኘው ነው፣ መኖሩን እንኳ ላልተፈቀደለት አይናገርም። ፓስወርድ በስልክ መቀባበል ደግሞ ያላስተማርኩት ነገር ነው።

ከሄደች በ26ኛው ቀን ለእናቷ መድኃኒት ልትገዛ አውቶቡስ ይዛ ሌላ ከተማ ሄደች። እዚያ ደካማ ኔትወርክ አለ። የጊትሀብን ገጽ ከስልኳ ልትከፍት ሞከረች፣ ነጭ ገጽ ብቻ እየዞረ ቀረ። ባትሪዋ 20 በመቶ። እንደገና ደወለች። «ተርሙክስ ስልክሽ ላይ አለ አይደል?» አልኳት። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሁሉም ተማሪ ስልኩ ላይ እንዲጭንና ቶክን አውጥቶ የክፍሉን ዝርዝር እንዲጠይቅ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። አለ። የድሮውን ትእዛዝ ወደ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጋ አገኘችውና ላከችው።

መልሱ መጣ። መንገድ ዳር ቆማ በስልክ አነበበችልኝ። ስቴት፣ ሻትዳውን። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ፣ ትሩ። ከዚያ ዝም አለች። «ቀኑስ?» አልኳት። ቀኑን አነበበች። ቆጠርን። 4 ቀን ቀርቶታል።

የልጅቷ የሦስት ሳምንት ሥራ ሌላ የትም የለም። በ4 ቀን ውስጥ ካምፓስ መመለስ አትችልም፣ እናቷን ትታ የት ትሄዳለች? ኤዲተሩን በዚያ ኔትወርክ መክፈት ደግሞ የማይታሰብ ነው። ነገር ግን በዚያው ኤፒአይ ውስጥ ክፍሉን ሳትከፍቱ «ውስጡ ያለውን ለውጥ አውጥተህ ብራንች ላይ አስቀምጥልኝ» የሚል ጥያቄ አለ። «ኤክስፖርትስ» ይባላል። አድራሻው የክፍሉ ስም ላይ አንድ ቃል መጨመር ነው፣ መላኪያው ብቻ ከ«ጌት» ወደ «ፖስት» ይቀየራል። ቶክኗ የመጻፍ ፈቃድ ነበረው። ፊደል በፊደል ነገርኳት፣ ላከችው። ትንሽ ጠበቅንና የመጨረሻው ኤክስፖርት ምን ላይ እንደደረሰ ጠየቀች። «ሰክሲድድ» ብሎ የብራንቹን ስም ሰጣት።

እኔ አማካሪዋ ስለነበርኩ ሪፖው ላይ ፈቃድ አለኝ። ያቺን ብራንች ላፕቶፔ ላይ አወረድኳት። የመድኃኒት መመዝገቢያው፣ ጊዜው ሊያልፍ የደረሰውን የሚለየው፣ ሪፖርቱ፣ ሁሉም አለ። «አለ፣ ሁሉም አለ» ስላት ያለቀሰች መሰለኝ። ወዲያው ባትሪዋ አለቀና ተቋረጠ።

እናቷ ተሻላቸው። እሷም ተመልሳ ከዚያች ብራንች ላይ አዲስ ክፍል ከፈተች፣ ቀጠለች፣ ተመረቀች። ይህን ስትጽፍ ፈቃድ ሰጥታኛለች፣ «ሌላው እንዲማርበት ጻፉት» ብላ።

ይህን የምነግራችሁ ኤፒአይ ተአምር ይሠራል ለማለት አይደለም። ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው፣ ሰነዱ ላይ ለማንም ተጽፈዋል። ልዩነቱ መጠየቅ ቀድማ መልመዷ ነው። በዚያ ቀን መንገድ ዳር ቆማ ቶክን ምንድን ነው ብላ ብትጀምር ኖሮ 20 በመቶ ባትሪ አይበቃትም ነበር።

የሌሎችም አገልግሎቶች መዝገብ ቤት እንደዚሁ ነው፣ ፎርሙ ብቻ ይለያያል። የአማዞንን ክላውድ9 የተጠቀማችሁ ታስታውሳላችሁ። እዚያ ዝርዝር ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ የክፍሎቹን መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ዝርዝር መረጃውን ለማግኘት መለያዎቹን ይዛችሁ ወደ ሁለተኛው መስኮት ትሄዳላችሁ፣ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 25። በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን የሚነግራችሁ ደግሞ ሦስተኛው መስኮት ነው። አንዱን ያወቀ ሌላውን ለመልመድ አንድ ከሰዓት አይፈጅበትም።

ክላውድ9ን ያነሳሁት ለሌላም ነገር ነው። አማዞን ከጁላይ 25 ቀን 2024 ጀምሮ አገልግሎቱን ለአዲስ ደንበኛ ዘግቷል። ነባሮቹ ይጠቀማሉ፣ አዲስ ግን አይገባም። የኪራይ ነገር ይኸው ነው። አከራዩ ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ቤቱ የእሱ ስለሆነ አንድ ቀን ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል። የእናንተ የሆነው ኮዱ ነው። ኮዱ ደግሞ የእናንተ የሚሆነው ከክፍሉ ወጥቶ ሪፖ ላይ ሲቀመጥ ነው።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ይህን አድርጉ።

1. ዛሬውኑ፣ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን ያለው ቶክን አውጡና የክፍሎቻችሁን ዝርዝር አንዴ ጠይቁ። ስልካችሁ ላይም ሞክሩት። ከ30 በላይ ክፍል ካላችሁ ቀሪው ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው፣ አንድ ሰው ግን 30 ክፍል ምን ያደርግለታል?

2. በሳምንት አንድ ቀን ሦስቱን መስመር እዩ። የበራውን አጥፉ፣ ያልተጠቀማችሁበትን ሰርዙ፣ «ትሩ» ያለውን ፑሽ አድርጉ። «ሲጨርስ ነው ኮሚት የማደርገው» የሚባለውን ነገር ተዉት። ያላለቀ ኮድ ኮሚት ማድረግ ነውር አይደለም፣ ብራንች የተፈጠረው ለዚያ ነው።

3. ወደ ቤተሰብ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ለበዓልም ይሁን ለለቅሶ፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ጠይቁ። ከኔትወርክ መቼ እንደምትርቁ ታውቃላችሁ፣ መቼ እንደምትመለሱ ግን ሁልጊዜ አታውቁም።

4. ሰዓታችሁ ካለቀባችሁና የውጭ ክፍያ ካርድ ከሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ክፍሉ እስከሚቀጥለው ወር ባይከፈትም በውስጡ ያለውን ሥራ ወደ ብራንች ማውጣት ይቻላል።

አስተማሪ ለሆናችሁ ወዳጆቼ ደግሞ አንድ ነገር። ይህን ትምህርት በሴሚስተሩ መጨረሻ፣ «ተጨማሪ ርዕስ» ብላችሁ አታስቀምጡት። የመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ አድርጉት። የራሱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ብዙም ላይጎዳ ይችላል፣ ሥራው ጠረጴዛው ላይ ነው። የሌለው ልጅ ግን ያለው ነገር በሙሉ እዚያ ሩቅ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን እንዴት እንደሚያንኳኳ ማወቅ አለበት።

ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ። ስክሪንሾት ስትለጥፉ ቶክናችሁን ሸፍኑ፣ አደራ! ይህ የሚጠቅመው ተማሪ የምታውቁ ሼር አድርጉለት።

ሰላም እደሩ።